32 ኢንች፦ እህቴ መኪና የገዛችባቸው ሦስት ሳምንታት

ነገሩ የጀመረው መስታወት ላይ በተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። የእህቴ የ2009 ኮሮላ ማርች 2024 ላይ ወደቀች። መርማሪው የውድቀት ምልክቷን ለጠፈባትና 15 ቀን ሰጣት። በእነዚያ ቀናት ካልተጠገነች መንገድ ላይ መገኘት የለባትም። ሆዷን ዝገት በልቶታል፣ የፊት እግሯ ይንኳኳል፣ ጭስ ማውጫዋም ተበስቷል። መካኒኩ የጠየቀው ገንዘብ ከራሷ ከመኪናዋ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

እህቴ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ዲሲ ውስጥ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ሥራዋም የሌሊት ነው። ባሏ ቀን መጋዘን ይውላል፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ደግሞ ኡበር ይነዳል። የ9 ወር ልጅ አላቸው። ልጁን የምትይዘው ካገር ቤት የመጣችው እናታችን ናት፤ ሰባን አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከቤተ ክርስቲያን ግን እሁድ ጠዋት አትቀርም። እኔ በቤተሰቡ ዘንድ «መኪና ያውቃል» የምባለው ወንድም ነኝ። ለዚህ ስም ያበቃኝ አንዴ ባትሪ መቀየሬ ይመስለኛል።

የተቀመጠልን ወሰን ግልጽ ነበር። ታክሱም፣ ታርጋውም፣ የዲለሩ (የመኪና ሻጩ ድርጅት) ወረቀትም ተደምሮ ከ30 ሺህ ዶላር አያልፍም። እህቴ 5,600 በእጇ አላት፣ የቀረው ብድር ነው። ዓይነቱንም ወስና ነበር፦ ትንሽ ክሮስኦቨር፣ ማለት ከሴዳን ከፍ ያለች የቤት መኪና። ሴዳን ዝቅ ይልባታል፣ በተለይ ለእማዬ ጉልበት። ትልቅ መኪና ደግሞ አትፈልግም፣ ምክንያቱም ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ሰፈሯ ውስጥ የምታገኘው ፓርኪንግ በሁለት መኪና መሃል የተረፈች ክፍተት ናት።

ከዚያ የምክር ዝናብ ጀመረ።

አጎታችን፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ ስልኩን እንዳነሳ «ቶዮታ። አለቀ።» አለ። ጋሼ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሹፌር ነበር፣ በመኪና ነገር አይነካም። ምክንያቶቹም ቀላል አይደሉም። ቶዮታ አይበላሽም፣ ቢበላሽ መለዋወጫው የትም አለ፣ ስትሸጠው ገንዘብህን ይመልስልሃል። መጨረሻ ላይ የመዘዛት ካርታ ግን ጊዜዋ አልፎባት ነበር፦ «ደግሞ ሲሰለቻት አገር ቤት ትልካታለች።» ጋሼ፣ አልኩት፣ ኢትዮጵያ እኮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች፣ በጃንዋሪ 2024 ነው የትራንስፖርት ሚኒስትሩ የተናገሩት፣ አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ትንሽ ዝም አለና «ይሁን፣ ግን የጃፓን ይሁን» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። «የጃፓን» የሚባለው ነገር አሜሪካ ውስጥ ከስሙ ጋር አይሄድም። እኛ ካየናቸው መኪኖች ኮሮላ ክሮስ የምትገጣጠመው አላባማ፣ ሀንትስቪል ውስጥ ቶዮታና ማዝዳ በጋራ ባቆሙት ፋብሪካ ነው። ሆንዳ ኤችአር-ቪ ከሜክሲኮ ነው የምትመጣው፣ ማዝዳ ሲኤክስ-30ም እንዲሁ። የ2024 ሱባሩ ክሮስትሬክ ደግሞ ባለ 2.0 ሊትሯ ከጃፓን፣ ባለ 2.5 ሊትሯ ከኢንዲያና ናት። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ የሻሲ ቁጥሩ የመጀመሪያ ምልክት ጄ ከሆነች ጃፓን፣ 3 ከሆነች ሜክሲኮ፣ ኬ ከሆነች ኮሪያ ናት፣ 1 እና 4 እና 5 እና 7 የአሜሪካ ናቸው። ይህን ለጋሼ ስነግረው አላመነኝም። አንድ ቀን ዲለር ግቢ ይዤው ሄጄ ቶዮታዋ መስታወት ስር ያለችውን 7 ቁጥር አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየና «ጊዜው ተበላሽቷል» አለ።

ሁለተኛው ምክር ከእህቴ የሥራ ባልደረባ መጣ፦ ሱባሩ ግዢ፣ አራቱም ጎማ ይገፋል፣ በረዶ አያስቆምሽም። እውነት ነው፣ ክሮስትሬክ ላይ አራቱም ጎማ የሚገፋው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ ከመሬትም 8.7 ኢንች ከፍ ትላለች። ግን ዋሽንግተን አካባቢ በረዶ ሰውን የሚያስቆመው እንዴት እንደሆነ ጃንዋሪ 2022 አይተናል። አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ፣ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ፣ ሰው መኪናው ውስጥ አድሮ ዋለ። ሴናተር ቲም ኬን ራሱ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይቷል። ከፊትህ የጭነት መኪና ተጋድሞ ሺህ መኪና ከቆመ የአንተ አራት ጎማ ቢገፋ ምን ይፈይዳል? በዚያ ላይ አራት ጎማ የሚገፋው ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ መኪና የሚያቆመው ፍሬንና ጎማ ነው። ጥሩ ጎማ ያላት ባለ ሁለት ለእህቴ መንገድ ትበቃለች ብዬ አመንኩ። ዳገት ላይ ብትኖር ወይም በሼናንዶዋ ተራሮች በኩል ብትመላለስ ሌላ ነገር እል ነበር።

ሦስተኛው ድምፅ የባሏ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሃይብሪድ፣ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ፣ አለ። ይህኛው ምክር በስሌት የቆመ ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብለን ሠራነው። እህቴ በዓመት 12 ሺህ ማይል ያህል ትነዳለች። ኮሮላ ክሮስ ሃይብሪድ በመንግሥት ልኬት በጋሎን 42 ማይል ትሄዳለች፣ ክሮስትሬክ 29፣ በፊት ጎማ የምትገፋው ኤችአር-ቪ 28። አንድ ጋሎን በ3.30 ብናስብ በሃይብሪዷና በኤችአር-ቪ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 470 ዶላር ገደማ ነው። ባሏ በኡበር 6 ሺህ ማይል ቢጨምርበት ልዩነቱ 700 ይደርሳል። ሃይብሪዷ የፋብሪካ ዋጋዋ 28 ሺህ ገደማ ይጀምር ነበር፣ እኛ የምናስባት ኤችአር-ቪ ስፖርት 26 ሺህ ገደማ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሃይብሪዷ ልዩነቷን በሦስት፣ በአራት ዓመት ትመልሳለች። ባትሪው ይሞታል የሚለውም ፍርሃት እዚህ ብዙ ቦታ የለውም፣ ቶዮታ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል። በዚያ ላይ ባለ 196 የፈረስ ጉልበት ናት፣ ኤችአር-ቪ 158 ብቻ ናት። በዚያ ማታ ሁላችንም ሃይብሪድ ብለን ነው የተለያየነው። ጋሼም ደስ አለው፣ ቶዮታ ናትና።

በነጋታው የመጀመሪያው ዲለር ጋ ሄድን።

ዲለሩን አልጠራውም። ሃይብሪዷ አለች፣ አንድ ብቻ ናት፣ ነጭ። ከፋብሪካው ዋጋ ሥር ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የገበያ ማስተካከያ 2,500»። ከሥሩ ደግሞ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን፣ መስታወት ላይ የሻሲ ቁጥር መቅረጽ፣ የቀለም መከላከያ። አየሩ ሰማንያ በመቶ ገደማ ናይትሮጅን መሆኑን እያወቅሁ ለናይትሮጅን ሲያስከፍሉ ማየት ያናድደኛል። ሁሉም ሲደመር ከ34 ሺህ አለፈ። ሻጩ በጣም ጨዋ ልጅ ነው፣ ሀበሻም ነበር፣ «እህቴ» እያለ ነው የሚያዋራት። እና እንዲህ አላት፦ «ዋጋውን ተይው፣ በወር ስንት ብትከፍዪ ይመችሻል?»

ይህቺን ጥያቄ የሰማ ሰው ቦርሳውን አጥብቆ ይያዝ። በወር ስንት የሚለው ጥያቄ ዋጋውን ይደብቃል። 24 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ በ60 ወር ከተበደርክ በወር 475 ትከፍላለህ። በ84 ወር ከሆነ 362 ብቻ። ርካሽ ይመስላል፣ ግን በመጨረሻ 1,900 ዶላር አካባቢ በላዩ ትከፍላለህ፣ በሰባተኛው ዓመት ደግሞ ያረጀ መኪና ዕዳ እየከፈልክ ነው። እህቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት እግሯን በእግሬ ነካሁት። እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ገብቷታል። «ወንድሜ፣ እኔ በወር አልገዛም፣ መኪና ነው የምገዛው» አለችው።

ልንወጣ ስንል አንድ ነገር አሰብኩ። የልጁ ካርሲት፣ መኪና ውስጥ የሚታሰርበት ወንበር፣ የእኔ መኪና ውስጥ ነበር፣ ኮሮላዋ ከወደቀች ጀምሮ እነሱን የማመላልሰው እኔ ነኛ። መጣን አይደል፣ አልኩ፣ እንሞክረው። ሻጩ ግራ ገባው። ሰው ድምፅ ማጉያ ሲሞክር እንጂ ካርሲት ሲያስር አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ካርሲቱ ወደ ኋላ የሚያይ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም ካርሲቱን የሠራው ፋብሪካ ለማዞር ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ክብደት እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ እያየ ነው የሚሄደው። ልጁ 9 ወሩ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ይህ ካርሲት አብሮን አለ። ከሹፌሩ ኋላ እንዳናደርገው የእህቴ ባል 1 ሜትር ከ88 ነው፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ካልገፋ መሪው ጉልበቱን ይነካዋል። መሃል ብናደርገው እህቴ የምትቀመጥበት ታጣለች፣ እሁድ እሁድ እሷ ናት ኋላ ከልጁ ጋር የምትሆነው። ስለዚህ ከተሳፋሪው ኋላ አሰርነው። ካርሲቱ ተጋድሞ የፊቱን ወንበር ጀርባ ገፋው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብነው። ገና ይነካል። እንደገና ሳብነው። ከዚያ እማዬ ገብታ እንድትቀመጥ ጠየቅናት።

ገባች። ጉልበቷ ዳሽቦርዱን ነካ። ምንም አላለችም፣ እማዬ መቼም አታማርርም፣ «ደህና ነው ልጆቼ፣ ቅርብ አይደል የምንሄደው» አለች። እህቴ ግን ፊቷን አይታ «ውረጂ እማዬ» አለቻት። ሃይብሪዷ እዚያ አለቀች። 2,500ውን ቢያነሱልንም እንኳ አልቃለች።

ቤት ስመለስ የፋብሪካዎቹን ልኬት አወጣሁ፣ ቀድሜ ላየው የሚገባኝን። የኋላ ወንበር የእግር ቦታ፦ ኮሮላ ክሮስ 32 ኢንች። ማዝዳ ሲኤክስ-30፣ 36.3። ክሮስትሬክ፣ 36.5። ኤችአር-ቪ፣ 37.7። በመጀመሪያዋና በመጨረሻዋ መካከል ያለው ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንዝር አይሞላም፣ ግን ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሰፊ አገር ነው። እነዚህን ቁጥሮች በጭፍን እመኑ አልልም፣ የፊቱ ወንበር የት ላይ ቆሞ እንደተለካ ብዙ ይለውጣልና ሜትር ይዞ መሄድ ይሻላል። እኛ ላይ ግን ወረቀቱም የእማዬ ጉልበትም አንድ ነገር ነው የተናገሩት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ማይልና ስለ ፈረስ ጉልበት ስከራከር ይቺን አንዲት መስመር አላነበብኳትም። መኪና ያውቃል ተብዬ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ። ማዝዳ ሲኤክስ-30 ለመንዳት ከሁሉም የምትጥም ናት። 2.5 ሊትር ሞተር አላት፣ ካምቢዮዋም ሌሎቹ ላይ እንዳለው ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ሳይሆን እውነተኛ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፣ ውስጧም ከዋጋዋ በላይ ያምራል። ብቻዬን የምኖር ብሆን ለራሴ እሷን እገዛ ነበር። ኋላዋ ግን ጨለማ ነው፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እህቴ ልጁን ለማሰር ስትጎነበስ ጭንቅላቷን መታች። አለቀች። ሃዩንዳይ ኮና በ2024 ተለቅ ብላ መጥታ ነበር፣ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናዋም 10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው፣ የሌሎቹ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ። ግን ያንን ረጅሙን ዋስትና ስታነቡት ለንግድ ሥራ የዋለ መኪና አይሸፍንም ይላል፣ ታክሲና ማድረሻ እየጠቀሰ፣ የእህቴ ባል ደግሞ ኡበር ነጂ ነው። በኋላ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈለግንም። ስለ ሃዩንዳይና ኪያ ስርቆት የሚወራው እውነት ነው፣ ግን የሚመለከተው በዋናነት ከ2011 እስከ 2022 የተሠሩትን፣ በብረት ቁልፍ የሚነሱትንና የስርቆት መከላከያ የሌላቸውን ነው። አዲሷን አይነካትም። ኮናን የጣልናት በስርቆቱ አይደለም።

«ለምን ያገለገለ ራቭ-4 አልገዛችሁም?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ጋሼም ጠይቋል። አይተናል። በዚያ ወቅት ሦስት ዓመት ያገለገለች፣ 40 ሺህ ማይል የሄደች ራቭ-4 የሚጠየቅባት አዲሷ ኤችአር-ቪ ከምትጠየቅበት ብዙም አይለይም ነበር። ያገለገለ መኪና ብድር ላይ ወለዱ ደግሞ ይጨምራል። አዲስ ሲአር-ቪ፣ የኤችአር-ቪ ታላቅ፣ ያኔ በታክስ በምኑ ወደ 33 ሺህ ትደርስ ነበር። 30 ሺህ ብለን ነበር፣ 30 ሺህ ነው።

ቀሩ ሁለት፦ ክሮስትሬክና ኤችአር-ቪ።

እህቴ ልቧ ክሮስትሬክ ላይ ነበር፣ ይህን መደበቅ አልችልም። ዙሪያውን እንደልብ ታሳያለች፣ ምሰሶዎቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ጎድጓዳ መንገድ ላይም እንደ ሌሎቹ አትነጥርም። ሁለቱንም ማታ ነው የነዳናቸው፣ ሁለት ሰዓት ላይ። ይህ የእሷ ሐሳብ ነው። «እኔ ሌሊት ነው የምነዳው፣ ቀን ለምን እሞክራለሁ?» አለች። ልክ ናት። መብራቱ ምን ያህል እንደሚያይ፣ ስክሪኑ ዓይን ውስጥ ይገባ እንደሆነ፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራት መስታወቱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ቀን ላይ አይታይም። ሴሚናሪ ሮድ ጋ አይ-395 ውስጥ ስንገባ ሁለቱም አቃሰቱ። ባለ 2.0 ሊትር ክሮስትሬክ 152 የፈረስ ጉልበት ናት፣ ኤችአር-ቪ 158። እግርህን እስከ ወለሉ ብትጫን ሲቪቲው ይጮሃል እንጂ አይሮጥም። ቀድመህ ካላሰብክ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋብሃል።

የወሰነው የዕቃው ቦታ ነው። እንደገና ኮተታችንን ይዘን ሄድን። ጋሪው፣ የእማዬ ተጣጣፊ ወንበር፣ የዳይፐር ቦርሳ፣ ደግሞ አንድ ካርቶን፣ እንጀራ ቤት ለማኅበር የሚሰጡንን ዓይነት። ክሮስትሬክ ኋላዋ 20 ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ ኤችአር-ቪ 24.4። በክሮስትሬክ ካርቶኑ የሚገባው በጎን ቆሞ ነው። እንጀራ በጎኑ አይቆምም፣ ይህን ለሱባሩ ሻጭ ማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ኤችአር-ቪ ውስጥ ጋሪው በቁመቱ ተኝቶ ካርቶኑ ከላዩ ሜዳ ላይ ያረፈ ያህል ቁጭ አለ። ካርሲቱም ተሞከረ፦ እማዬ ፊት ተቀመጠች፣ ከጉልበቷ እስከ ዳሽቦርዱ እጄን አስገባሁ፣ ገባልኝ። ወንበሩ ስትገባም ስትወጣም ዳሌዋ ልክ ነው፣ አትወጣጣም፣ አትወድቅበትም። ክሮስትሬክ ላይ ግን የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ በሩን ይዛ፣ «በስመ አብ» ብላ ነበር የወጣችው።

ቀለሙን እማዬ መረጠች፣ ግራጫ። አቧራ አያሳይም አለች፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምን አቧራ አለ ብለን ሳቅንባት።

ዋጋውን በአካል አልተደራደርንም። ለአራት ዲለሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ጻፍኩ፦ ይህቺን መኪና፣ ይህን ደረጃ፣ ሁሉም ነገር ተደምሮ ከበር የምትወጣበትን ዋጋ በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ተጨማሪ ነገር አንፈልግም። ሁለቱ «ኑና እንነጋገር» አሉ፣ ተውኳቸው። ሁለቱ ላኩ። የተሻለው እንዲህ ነበር፦ መኪናዋ ከማጓጓዣው ጋር 27,500 ገደማ፣ የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ስለሆነ 1,140 ገደማ፣ የቀረው የዲለሩ የወረቀት ክፍያና ታርጋ። 30 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አቆመ። ብድሩን ቀድማ ከክሬዲት ዩኒየን አስፈቅዳ ነበር፣ በ60 ወር። ይህን ማድረጓ ከዋጋው ክርክር በላይ ጠቅሟታል፣ ምክንያቱም የፋይናንስ ክፍሉ ሰውዬ ተጨማሪ ዋስትና፣ ጋፕ (መኪናዋ ብትወድም ከዋጋዋ የሚተርፈውን ዕዳ የሚሸፍን ኢንሹራንስ)፣ የጎማ ኢንሹራንስ እያለ አንድ ሰዓት ሲያወራ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ኢንሹራንሱንም ከመፈረሟ በፊት በሻሲ ቁጥሩ ጠይቃለች፣ የባሏን ኡበር ጨምራ። ኡበር የሚነዳ ሰው ለኢንሹራንሱ ሳይናገር ቢቀርና አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፣ በዚህ የተቃጠለ ሰው በቅርብ አውቃለሁ።

ኮሮላዋን በሦስተኛው ሳምንት ለብረት ሸጥናት። እህቴ አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ የነዳቻት እሷን ብቻ ነበር።

አሁን ዓመት አልፏታል። በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው አማካይ 27 ነው፣ ከተማ ውስጥ ስለሚበዛ። ባሏ ነዳጅ በሞላ ቁጥር «ሃይብሪድ ብዬ ነበር» ይላል፣ ልክም ነው፣ የሱ ኪስ ነው። ከዳለስ ኤርፖርት፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ካለው፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ይዞ መንገድ ሲገባ ሞተሯ እንደ ወፍጮ ትጮሃለች። ልጁ ካርሲቱ ወደ ፊት ዞሮለታል፣ አሁን የፊቱን ወንበር በእግሩ እየመታ እማዬን ያስቸግራታል። ጋሼ ሜክሲኮ የተሠራች መኪና ውስጥ አልገባም ብሎ ነበር። ገናን እኛ ጋ አክብሮ ሲመለስ ግን ከኋላ ተንፈላሶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እንቅልፉን ለጠጠው።

አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር፣ ያውም እኔ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ እህቴ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፣ ጽሑፍ የለውም፣ ወረቀት ብቻ። የከተማው የመኪና ግብር ነው፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ የሚከፈለው። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ሲገዛ ታክስ ከፍለህ አትገላገልም፣ ከተማው ወይም ካውንቲው በየዓመቱ መኪናው ያወጣል ብሎ በገመተው ዋጋ ላይ ያስከፍላል። የስቴቱ ቅናሽ የሚመለከተው የመጀመሪያውን 20 ሺህ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አዲስ መኪና ላይ ይከብዳል። የ2009 ኮሮላ ስለነበረች ይህ ግብር መኖሩን እንኳ ረስተነዋል። ከአንድ ወር የባንክ ክፍያዋ ይበልጣል። ደወልኩላት።

«እህትዓለም፣ እኔ እከፍለዋለሁ» አልኳት።

«ግማሹን» አለችኝ። «ካርሲቱን ያመጣኸው አንተ ነህ።»